የሮምና የካርቴጅን ጦርነት የሚያሳይ ጥሩ ፊልም አለ?

ናቲ (ሐዋሳ)

ሰላም የታሪክ ወዳጆች። እኔና ጓደኞቼ እሁድ ማታ አንድ ካፌ ውስጥ ፊልም እያሳየን እንወያያለን። ሰሞኑን ግላዲያተርን በድጋሚ አየነው። ኮሎሲየም ውስጥ የዛማን ጦርነት በትርኢት የሚያሳዩበት ክፍል ትዝ ይላችኋል? ማክሲመስና ጓደኞቹ የሃኒባል ወታደሮች ተደርገው ለመታረድ ነው የገቡት። እነሱ ግን አሸነፉ። ንጉሡ ኮሞደስም ግራ ይገባዋል፤ በታሪኩ መሸነፍ የነበረባቸው እነዚህ አልነበሩም ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እዚያ ላይ አንድ ልጅ ፊልሙን አስቁሞ "ቆይ፣ ካርቴጅ ማን ናት? ሮምን ምን አድርጋት ነው?" አለ። የካርቴጁ ጄኔራል ሃኒባል ዝሆን ይዞ ተራራ መሻገሩን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በደንብ የሚናገር ጠፋ።

ለቀጣዮቹ እሁዶች ስለ ሁለቱ ከተሞች ፊልም ማሳየት አስበናል። ታሪኩን ብዙ የማያዛባ፣ የካርቴጅንም ወገን የሚያሳይ አለ? ዴንዘል ዋሽንግተን ሃኒባልን ሊሠራ ነው የሚለውንም ዜና አይተናል። ከፊልሙ በፊት መግቢያ የምናገረው እኔ ስለሆንኩ ከምር የምታውቁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

ገነት (ማርሳላ፣ ሲሲሊ)

ናቲ ወንድሜ፣ ልጁ ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያስቆመው። እኔ የምኖረው ሲሲሊ ውስጥ ማርሳላ ነው። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት እንከባከባለሁ። ከምሳ በኋላ እሳቸው ጋደም ሲሉ እኔ ወደ ባሕሩ ዳር እወርዳለሁ። እዚያ ያለው ሙዚየም ውስጥ የካርቴጅ መርከብ አለ። ከባሕር ወለል የወጣ፣ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው እውነተኛ እንጨት። ስለዚህ የዚህ ታሪክ መነሻ ለእኔ ዝሆን አይደለም፤ መርከብ ነው።

ካርቴጅን ለልጆቹ ስታስተዋውቅ ከጢሮስ ጀምር። ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የዝግባ እንጨት የላከውን ኪራምን ሁሉም ያውቀዋል፤ የጢሮስ ንጉሥ ነበር። የዚያች ከተማ ነጋዴዎች ናቸው ዛሬ ቱኒዚያ በምንለው አገር ዳርቻ ካርቴጅን የቆረቆሩት። የጥንት ጸሐፊዎች ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት 814 ያደርጉታል። ሲሲሊን፣ ሰርዲኒያን፣ የስፔንን ዳርቻ በንግድና በወደብ ያዘች። ሮም ያኔ የገበሬና የእግረኛ ወታደር አገር ነበረች። ሁለቱ ለብዙ ዘመን በውል ተስማምተው ኖረዋል። በመካከላቸው ያለችው ሲሲሊ፣ ስንዴዋና ወደቦቿ ናቸው ያጣሏቸው። በ264 መሲና ከተማ ላይ በተነሳ ጠብ ጦርነቱ ተጀመረ። ሦስት ጊዜ ተዋጉ። በ146 ካርቴጅ ስትጠፋ 118 ዓመት አልፎ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው የጥንት ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

የመጀመሪያውን ጦርነት ፊልም ሠሪዎች አይነኩትም። እኔን ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ሮም የሚረባ የጦር መርከብ አልነበራትም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደሚለው አንድ የካርቴጅ መርከብ ባሕር ዳር ተቀርቅሮ እጃቸው ገባ። እሱን እያዩ 120 መርከብ ሠሩ። ቀዛፊዎቹ ደግሞ መርከቡ እስኪያልቅ ድረስ የብስ ላይ በተደረደሩ አግዳሚዎች ተቀምጠው፣ ውኃ ሳይነኩ መቅዘፍ ተማሩ። ይህን ትዕይንት አስበው! እንዴት እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልቀረጸውም?

ማርሳላ ያለው መርከብ ሳንቃዎች ላይ አናጢዎቹ በቀለም የጻፏቸው የፊንቄ ፊደሎች አሉ። የትኛው እንጨት የት እንደሚገጠም ምልክት ነው። ይህ ማለት ካርቴጆች መርከብን ቀድመው ለክተው፣ ቆርጠው፣ ቁጥር ሰጥተው ይገጣጥሙ ነበር። እንዲህ የተሠራን ዕቃ ፈቶ ያየ ሰው መልሶ መሥራት አያቅተውም። ሆኖም መሥራትና ባሕርን ማወቅ ይለያያል። በ255 ማዕበል የሮምን መርከቦች ሲሲሊ ዳርቻ ላይ ፈጃቸው፤ ከ364 የተረፉት 80 ብቻ ናቸው ይላል ፖሊቢየስ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሀብታሞቹ ለየብቻ፣ ወይም ሁለትና ሦስት እየሆኑ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ መርከብ አሠሩ። በመጋቢት 241 ከማርሳላ ብዙም በማይርቁት የኤጋዲ ደሴቶች አጠገብ አሸነፉ። ከዚያ ባሕር ወለል በቅርብ ዓመታት ከ20 በላይ የነሐስ መውጊያዎች ወጥተዋል። የጠላትን መርከብ ለመብሳት ከፊት የሚገጠሙ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ በላቲን ሥራውን የተረከቡት ሹማምንት ስም ተጽፏል። አንዱ ላይ ደግሞ የካርቴጅ ጽሑፍ አለ።

ካርቴጅ 3,200 መክሊት ብር እንድትከፍል ተፈረደባት። አንዱ መክሊት ወደ 26 ኪሎ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሮም ሰርዲኒያንም ቀማቻት። የሃኒባል ቁጭት ከዚህ ነው የሚነሳው። ያለዚህ መግቢያ ሃኒባልን ካሳየሃቸው ዝም ብሎ ጦርነት ያማረው ሰው ይመስላቸዋል።

ሁለተኛውን የምታውቁት ስለሆነ አላረዝመውም። በ218 በአልፕስ ወረደ። በነሐሴ 216 ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ካኔ ላይ ትልቁን የሮም ጦር ከብቦ ፈጀው። የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ የሞቱትን ወደ 48,000 ያደርሳቸዋል፤ ፖሊቢየስ 70,000 ይላል። ዝሆን ፊልም ላይ ያምራል። ካኔ ላይ ግን አንድም ዝሆን አልነበረም፤ ከበባውን የዘጋው ፈረሰኛ ነው። በ202 ዛማ ላይም ያው ነው። ሃኒባል 80 ገደማ ዝሆን አሰልፎ ነበር። የወሰነው የካርቴጅ ጎረቤት የኑሚዲያው ንጉሥ የማሲኒሳ ፈረሰኛ ሆነ። ልዩነቱ፣ በዚህ ጊዜ ፈረሰኛው ከሮም ጋር ነበር።

ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። ካርቴጅ መርከቦቿን ተነጥቃ፣ ያለ ሮም ፈቃድ መዋጋት ተከልክላ፣ በ50 ዓመት ውስጥ 10,000 መክሊት እንድትከፍል ታዘዘች። ከፈለች። እርሻዋንና ንግዷን ይዛ እንደገና በለጸገች። ካቶ የሚባለው ሽማግሌ ሮም ሸንጎ ውስጥ እሸት በለስ አውጥቶ አሳየ፤ ከሦስት ቀን በፊት ካርቴጅ የተቀጠፈ ነው አላቸው። ጠላት ይህን ያህል ቅርብ ነው ለማለት። በ149 ሮም መሣሪያ አስረክቡ አለች። አስረከቡ፤ የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ አፒያን የ200,000 ሰው ትጥቅና 2,000 የድንጋይ መወንጨፊያ ይላል። መሣሪያውን ከተቀበሉ በኋላ ነው ከተማችሁን ለቃችሁ ከባሕር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ራቁ የሚለው ትእዛዝ የመጣው። በባሕር የሚኖር ሕዝብ ከባሕር ራቅ ሲባል ሞት ማለት ነው። በሩን ዘግተው መሣሪያ እንደ አዲስ መሥራት ጀመሩ። ሴቶቹ ለመወንጨፊያው ገመድ ጸጉራቸውን ቆርጠው ሰጡ። ሦስት ዓመት ያዙ። በመጨረሻ ስድስት ቀን ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ውጊያ ሆነ። እጃቸውን የሰጡት 50,000 ያህል ሰዎች በባርነት ተሸጡ።

አንድ ነገር ለመግቢያህ፦ ሮማውያን መሬቷ ላይ ጨው ዘሩባት የሚለውን አትድገመው። አንድም የጥንት ጸሐፊ አልጻፈውም። እኔ በጨው ማሳ መካከል ነው የምኖረው፤ ከማርሳላ እስከ ትራፓኒ ጨው በነጭ ክምር ይደረደራል። ያኔም ቢሆን ጨው ውድ ዕቃ ነበር።

ከእሳቱ በኋላ የካርቴጅን መጻሕፍት ለአፍሪካ ነገሥታት አደሏቸው። ማጎን የተባለ የካርቴጅ ሰው የጻፈውን የእርሻ መጽሐፍ፣ 28 ክፍል ያለውን፣ ሸንጎው ራሱ ወደ ላቲን አስተረጎመው። እርሻው ይጠቅማቸው ነበር። ታሪካቸውን፣ ግጥማቸውን ግን ማንም አላስተረጎመም። ስለ ካርቴጅ የምናውቀውን ከሞላ ጎደል ሁሉ የነገሩን ያቃጠሏት ሰዎችና ወዳጆቻቸው ናቸው። ፖሊቢየስ ራሱ ከተማዋ ስትቃጠል ከሮሙ አዛዥ ከሲፒዮ ኤሚሊያኑስ ጎን ቆሞ ነበር። ፊልሞቹ በሙሉ ከዚህ ነው የሚቀዱት። ስለ ፊልሞቹ ማታ እመለሳለሁ፤ እናቴ ነቅተዋል።

ዳዊት (ጉለሌ)

ገኒ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ግን ስለ ዴንዘል ልናገር። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዜናው እንደወጣ ቱኒዚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ፤ ነገሩ ፓርላማቸው ድረስ ደረሰ። ሃኒባል ጥቁር አልነበረም ነው የሚሉት። ለእኔ ግን አፍሪካዊ ጀግና ነው። ሮምን በገዛ አገሯ 15 ዓመት ያስጨነቀ አፍሪካዊ! ስንት ዘመን ነጭ ተዋናይ ሲጫወተው ማንም ምንም አላለም። ቪክቶር ማቹር በ1959 ሲሠራው ማን ጮኸ? ናቲ፣ ለጊዜው የ2006ቱን የቢቢሲ ሃኒባል አሳያቸው። አሌክሳንደር ሲዲግ ነው የሚጫወተው፤ ትውልዱ ሱዳን ነው። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

ገነት (ማርሳላ፣ ሲሲሊ)

ዳዊት፣ በቢቢሲው እስማማለሁ። ለናቲ ዝግጅትም የሚስማማው እሱ ነው፤ አጭር ነው፣ ከጥንቶቹ ጽሑፎችም ብዙ አይርቅም።

በመልኩ ጉዳይ ግን ባንጣላ ይሻላል። አፍሪካዊ ነው፤ የካርቴጅ ልጅ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ፊቱን የሚያሳየን የታመነ ምስል ግን የለም። ካርቴጅ ደግሞ የወደብ ከተማ ናት። በ2025 እ.ኤ.አ. ከዚያ ዘመን መቃብሮች የተወሰደ ዘረመል ጥናት ወጥቷል። ከጢሮስ አካባቢ የመጣው ደም ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ነው። የሲሲሊና የግሪክ ባሕር ዳርቻ፣ የሰሜን አፍሪካም ሰው አብሮ ተቀላቅሏል። ካርቴጅ ሰውን በአንድ ቋንቋና በአንድ ሥርዓት ያሰባሰበች ከተማ ነበረች። ይህን እንደ ትልቅነቷ ነው የማየው። ዴንዘልም ይጫወተው፣ ቱኒዚያዊ ተዋናይም ይጫወተው። የሚያሳስበኝ ታሪኩን ከየት አቅጣጫ ይነግሩታል የሚለው ነው።

አፍሪካዊ ታሪክ የምትፈልግ ከሆነ ማሲኒሳን ተመልከት። መጀመሪያ ከካርቴጅ ጎን ተዋጋ። ኋላ ወደ ሮም ዞረ። የካርቴጁን ጄኔራል ልጅ ሶፎኒስባን አገባ። ዛማ ላይ ሃኒባልን ያሸነፈው ሲፒዮ (ካርቴጅን ካቃጠለው ሲፒዮ የቀደመው) ምርኮ ናት አምጣት ሲለው መርዝ ላከላት፤ ጠጣችው። ንጉሥ ሆኖ እስከ እርጅናው ገዛ። ይህ ሰው ፊልም ላይ ሁልጊዜ የሲፒዮ አጃቢ ነው። ሶፎኒስባም እንደ ክፉ ፈታኝ ሴት ትቀርባለች። እኔ ፊልም ሠሪ ብሆን በእነዚህ በሁለቱ ነበር የምጀምረው።

አሁን ፊልሞቹ። ናቲ፣ የማያዛባ ፊልም ስጡኝ ብለሃል። እኔ ደግሞ የሚያዛቡትንም አሳይ እልሃለሁ። ማን ከፈለበት፣ በየትኛው ዓመት ወጣ ብለህ ጠይቅ እንጂ።

ካቢሪያ የ1914 ነው፤ ጣሊያኖች የሠሩት ድምፅ አልባ ፊልም። አንዲት የሲሲሊ ሕፃን ተሰርቃ ካርቴጅ ትወሰዳለች። ሞሎክ ለሚባል ጣዖት ልትሠዋ ስትል ያድኗታል። ቤተ መቅደሱን ስታይ ትደነግጣለህ፤ አፉን የከፈተ፣ ሆዱ የሚነድ ግዙፍ ጣዖት ነው። ካርቴጆች ሕፃናትን ይሠዉ ነበር ወይ የሚለው ሊቃውንትን ዛሬም ያከራክራል። ፊልሙ ግን አይጠራጠርም። ዓመቱን አስተውል። ጣሊያን ሊቢያን ለመያዝ የዘመተችው በ1911 ነው። ካቢሪያ ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ልጅ የሚያቃጥሉ ናቸው፤ እኛ አዳኞች ነን። እንዲህ ነው የሚለው።

ሌላው "ሲፒዮኔ ላፍሪካኖ" ነው። አፍሪካን ድል ያደረገው ሲፒዮ እንደ ማለት። ዳይሬክተሩ ካርሚኔ ጋሎኔ ነው። በሙሶሊኒ መንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ፣ እውነተኛ ወታደሮች በብዙ ሺህ ተሰልፈውበት በ1937 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቬኒስ ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ካኔ ቁስሉ ነው፤ ዛማ በቀሉ። እኛ ይህን ስናይ ካኔ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባናል። ዓድዋ ነው። አርባ ዓመት ሲያንገበግባቸው የኖረው ዓድዋ።

በዚያው ዓመት የአክሱምን ሐውልት ወሰዱ። በጥቅምት 1937 ሮም ውስጥ በፖርታ ካፔና አደባባይ አቆሙት። ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንገድ ግድግዳ ላይ ደግሞ የእብነ በረድ ካርታዎች አሉ፤ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ሮም ነጥብ ከነበረችበት ጀምሮ እንዴት እንደሰፋች ያሳያሉ። ሁለተኛው ካርታ ካርቴጅ ከጠፋች በኋላ ያለው ዘመን ነው። ሙሶሊኒ በ1936 አምስተኛ ካርታ ጨምሮ ነበር፤ ኢትዮጵያ ያለችበት። ያ ካርታ ከጦርነቱ በኋላ ተነሥቷል። አራቱ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሳባቸዋል። ከካርቴጅ ወደ አዲስ አበባ አንድ መስመር አስምረው ነበር። ፊልሙ የዚያ መስመር አካል ነው። እሑድ ማታ ሊታይ የሚገባው ለዚህ ነው።

ጋሎኔ በ1960 እንደገና ስለ ካርቴጅ ሠርቷል፤ ካርቴጅ ስትቃጠል የሚያሳይ። የፍቅርና የጎራዴ ፊልም ነው። ብዙ አያስፈልጋችሁም።

መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ ንባባችሁ ደስ ይላል። ታሪክ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት። በአንድ ነገር ግን ከገነት ጋር አልስማማም።

የ1937ቱን ፊልም ለወጣቶች በካፌ ማሳየቱን አልደግፍም። በእኛ አቆጣጠር 1929 ዓ.ም. ማለት ነው። የካቲት 12 ቀን ግራዚያኒ ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ለሦስት ቀን አዲስ አበባ በደም ታጠበች። አያቴ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ሲነሳ ከክፍሉ ወጥተው ይሄዱ ነበር። ያው መንግሥት በዚያው ዓመት ያሠራውን ፊልም፣ ሙዚቃው ያማረ፣ ሰልፉ ያማረ ነውና፣ ልጆች ለሲፒዮ እንዲያጨበጭቡ አልፈልግም። ፊልም አእምሮን ሳይሆን ስሜትን ነው ቀድሞ የሚይዘው። ዓመቱን ብትነግሯቸውም ዝሆኑ ሲሮጥ ይረሱታል።

ናቲ፣ ለመግቢያህ አንድ ልጨምርልህ። ሮም ካርቴጅን ባጠፋችበት በዚያው ዓመት፣ በ146፣ ግሪክ አገር ቆሮንቶስንም አፈረሰቻት። ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ቆሮንቶስ በኋላ እንደገና የተሠራችው ናት። ካርቴጅም እንደዚሁ በሮማውያን እጅ ተመልሳ ተሠራች። ለልጆቹ ካርታ አሳያቸው። ሲሲሊና ቱኒዚያ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ካላዩ የጠቡ ምክንያት አይገባቸውም።

ገነት (ማርሳላ፣ ሲሲሊ)

መምህር፣ አክብሮቴ ይድረስዎ። የአያትዎን ነገር ስሰማ ልቤ ተነካ። ግን ልጆቹ ይህን ፊልም ከእኛ ጋር ካላዩት ብቻቸውን በስልካቸው ያዩታል። ያኔ ስለ የካቲት 12 የሚነግራቸው ሰው ከጎናቸው አይኖርም። እኔ እዚህ አገር ስኖር ስለ ዓድዋም ስለ አዲስ አበባም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ሲፒዮን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ይህ ያንገበግበኛል። ፊልሙን ደብቀን ይህን አናስተካክለውም። በግማሽ ሰዓት ቆርጦ ማሳየትም ይቻላል። ዛማን ብቻ፣ ከዚያ መብራት አብርቶ ውይይት።

ናቲ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ከጓደኞቼ ጋር ተነጋገርን። መጀመሪያ እሁድ ካርታውና የመርከቡ ታሪክ፣ ከዚያ የቢቢሲው ሃኒባል። በሚቀጥለው ካቢሪያ። ድምፅ አልባ ፊልም ሁለት ሰዓት ሙሉ ይታገሱ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በሦስተኛው እንደ ገኒ ሐሳብ የ1937ቱን በከፊል። መምህር፣ ያለ እርስዎ ግን አናደርገውም። በስልክ ገብተው ከፊልሙ በፊት ቢናገሩልን?

ገነት (ማርሳላ፣ ሲሲሊ)

ከካቢሪያ የሞሎክን ቤተ መቅደስና ሃኒባል አልፕስን የሚሻገርበትን ክፍል ምረጥ። አርኪሜዲስ በመስታወት የሮምን መርከቦች የሚያቃጥልበትም አለ፤ ልጆቹ ይወዱታል። የመርከባችንን ፎቶ ነገ አንስቼ እልክልሃለሁ። ፊደሎቹ ያሉበትን ሳንቃ ቀረብ አድርጌ።

መምህር (ደሴ)

እሺ ናቲ፣ እገባለሁ። ከፊልሙ በፊት ግን አይደለም፤ ከፊልሙ በኋላ ነው የምናገረው። በፊት የሚነገር ነገር ይረሳል። ዛማ እንዳለቀ መብራቱን አብራና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋልኝ። ካፌው ውስጥ ያሉት ልጆች ስንት እንደሆኑና ዕድሜያቸውን ቀድመህ ንገረኝ።